ያልተጠየቀችው

የስፖርት ዕቃ ቤቱን በር የከፈተው ዘበኛው ሽባባው ነበር። እሑድ ማለዳ፣ የእንጅባራ ጉም ገና ከሜዳው ሳይነሳ፣ መረብ ሊያወጣ መጥቶ ጓጉንቸሩን ከፈተ። ለከፍታ ዝላይ በሚነጠፈው ወፍራም ፍራሽ ጫፍ ላይ አንዲት ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ነጠላዋ እስከ ጫፉ ተተርትሯል።

“በስመ አብ! ምን ሆነሽ ነው?”

“ተቆልፎብኝ ነው” አለች ልጅቷ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጫማዋን ከፍራሹ ሥር ፈልጋ አጠለቀችና በጉሙ ውስጥ ወደ ሴቶች ማደሪያ ሄደች።

በማግስቱ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዋን ወደ ሆስፒታል ሄዳ የሆነችውን ለነርሷ ነገረቻት። ነርሷም ለፖሊስ ደወለች።

ኢንስፔክተር እታለማሁ ማክሰኞ ጠዋት በጥርባ ዩኒቨርሲቲ ዕቃ ቤት በር ላይ ቆማ ጓጉንቸሩን በእጇ ታገላብጥ ነበር። የዳንግላ ልጅ ናት። ዝግ ብላ ነው የምትናገረው፤ ሰው የሚዋሻት ሲመስላት ደግሞ ጭራሹን ዝም ትላለች። የሚዋሽ ሰው ዝምታ አይወድም፤ አንድ ነገር ጨምሮ ይናገርና እሱው ይይዘዋል።

“አያ ሽባባው፣ የዚህ ቁልፍ መክፈቻ ስንት ነው?”

“ሁለት ነው። አንዱ እኔ ኪስ፣ አንዱ አሰልጣኝ አሳምነው ኪስ።”

“ቅዳሜ ማታ ማን ቆለፈው?”

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። “እኔስ አልቆለፍኩም። ኳስ ተጫዋቾቹ ለግጥሚያ ወደ ዳንግላ ሲሄዱ በሩን ክፍቱን ትተውት ነበር። ማታ መብራት ጠፋ፣ ብርዱም ባሰ። ሳልዞር ከማደሪያዬ ቀረሁ። እሑድ ስመጣ ተቆልፏል። አሳምነው ቆልፎት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።”

“ልጅቷን ማግኘትዎን ለማን ነገሩ?”

“ለማን እነግራለሁ? ሳልዞር ማደሬ ሊታወቅብኝ! ለሚስቴም አልተነፈስኩ።”

ሳጅን ምስጋናው አለቃውን ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። “መክፈቻ ያለው እሱ፣ ያገኛት እሱ፣ የደበቀው እሱ። ምን ቀረው ታዲያ?”

እታለማሁ ጓጉንቸሩን ሰጠችው። “እስቲ ቆልፈው።”

“መክፈቻውን ይስጡኛ።”

ዝም ብላ አየችው። ምስጋናው ጓጉንቸሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።

“ለመክፈት እንጂ ለመቆለፍ መክፈቻ አይፈልግም” አለች።

“እንዲያ ከሆነማ አገር ምድሩ ተጠርጣሪ ነው፣ ኢንስፔክተር!”

“ሥራችን ነዋ። ና እንሂድ።”

ልጅቷ ማናለብሽ ትባላለች። የሁለተኛ ዓመት የእርሻ ተማሪ ናት። በፖሊስ ጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል ቀብራ ተቀምጣለች።

“ከየትም ጀምሪ” አለቻት እታለማሁ። “መቆም ስትፈልጊ ንገሪኝ፤ እንቆማለን።”

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፤ እንዲህ ያለ ነገር የጠበቀች አትመስልም።

“ኪዳኑ ነው። የቡድናችን አጥቂ። ከመስከረም ጀምሮ እንነጋገር ነበር። እወደው ነበር፤ ይሄን አልደብቅም። ቅዳሜ ቡድኑ ወደ ዳንግላ ሲሄድ እሱ ቀረና ደወለልኝ። ‘ጠዋት እደርስባቸዋለሁ፤ ዕቃ ቤት ነኝ፤ ነይና እንጫወት’ አለኝ። ሄድኩ።” ቆም አለች። “ለምን ሄድሽ ሊሉኝ ነው።”

“አልልሽም። መሄድሽ መሄድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ንገሪኝ።”

“አይሆንም አልኩት። አንዴ ብቻ አይደለም ያልኩት። ገፋሁት። ሳቀብኝ። ‘አንዴ መጥተሻል እኮ’ አለኝ።” እጆቿ ከጉልበቷ መካከል ወጡና እንደገና ተመለሱ። “እዚህ ጋ እንቁም።”

ቆሙ። እታለማሁ ውኃ ቀዳችላት። ከደጅ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ልጅቷ ጠጥታ ስትጨርስ ራሷ ቀጠለች።

“ከወጣ በኋላ መነሳት አቃተኝ። ውጭ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ቆይቶ መኪና መጣ። ሁለት ሆኑ። ሁለተኛው የሚያወራው በሹክሹክታ ስለሆነ ድምፁን አልለየሁትም። ኪዳኑ ‘ውስጥ ናት’ ሲለው ሰማሁ። ከዚያ ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ። በሩን ደበደብኩ። መኪናው ሄደ።”

“ሁለተኛው ሰው አንቺ ውስጥ መሆንሽን እያወቀ ቆለፈብሽ?”

“እያወቀ።”

እታለማሁ የልጅቷን ቃል መዘገበች። የመጀመሪያው ሰው ስም አለው። ሁለተኛው ግን ሹክሹክታ ብቻ ነው። የመጀመሪያው የሠራውን ሠርቶ ወጥቷል፤ ሁለተኛው ረጋ ብሎ መጥቶ፣ ረጋ ብሎ ቆልፎ፣ መኪና አስነሥቶ ሄዷል። ይሄኛው ይበልጥ አስፈራት።

“እንዳትተዉት” አለች ማናለብሽ። “ግቢው ውሸታም ካለኝ አባቴ ከትምህርት ያስወጣኛል። ከሰል ከማክሰል ያመለጥኩት በትምህርት ነው። ሌላ መውጫ የለኝም።”

የተማሪዎች ዲኑ ዶክተር ይሄይስ ፖሊሶቹን በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። ለስላሳ ሰው ናቸው። ሻይ አስመጡ፤ ለእታለማሁ ከመስኮቱ የራቀውን፣ ብርድ የማያገኘውን ወንበር ራሳቸው ሳቡላት።

“እኛ ለሁለቱም ወላጅ ነን” አሉ። “ሚዛን መጠበቅ አለብን። የዲሲፕሊን ኮሚቴ አቋቁመናል፤ ሰብሳቢው እኔው ነኝ።”

“ውድድራችሁ ደርሷል መሰለኝ።”

“ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲዎቹን ውድድር የምናዘጋጀው እኛ ነን። ግን ውድድር ከሰው አይበልጥም። እንዲያውም ቤተሰቡ ወደ እርቅ ያዘነበለ ይመስላል፤ ለልጅቷም ክብር እሱ ነው የሚሻለው። ለእኔ ጥያቄ የፈጠረብኝ ዘበኛው ነው። መክፈቻው እሱ ጋ አይደል?”

በሩ ተንኳኳና አሰልጣኝ አሳምነው ኪዳኑን አስከትሎ ገባ። አሰልጣኙ አጭርና ወፍራም ነው፤ ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም። ኪዳኑ ረጅም፣ ዝርግ ትከሻ፣ በራሱ ቤት እንዳለ ሰው የሚቀመጥ ልጅ ነው።

“ቅዳሜ ዳንግላ ነበርኩ” አለ። “ቡድኑን ጠይቂ።”

አሰልጣኙ በክርኑ ጎሸመው። “ይጠይቁ በል!”

“ይጠይቁ።”

“ከእኛ ጋር ሄደ፣ ከእኛ ጋር አደረ” አለ አሳምነው ላቡን እየጠረገ። ቢሮው ግን ቀዝቃዛ ነው። “ክፍሉም ከግብ ጠባቂው ከትዕዛዙ ጋር ነበር። ቡድኑ በሙሉ ምስክር ነው።”

እታለማሁ ዝም አለች። አሰልጣኙ ዝምታውን አልቻለውም። “በሙሉ ነው የምልዎት! አንድ ሳይቀር!”

ቡድኑን አንድ በአንድ ጠየቁ። ከእኛ ጋር ሄደ፣ ከእኛ ጋር አደረ፣ ከትዕዛዙ ጋር ተኛ። ሁሉም ያው። ከግቢው ሲወጡ ምስጋናው ራሱን ነቀነቀ።

“ይሄን ያህል ጎረምሳ እኩል አንድ ቃል ሲናገር የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፣ ኢንስፔክተር።”

“እኔም።”

ዳንግላ ላይ ቡድኑ ያደረበት ሆቴል ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። እመቤት የምትባለው አልጋ አንጣፊ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች ተቀበለቻቸው።

“ጎረምሶቹን? እንዴት እረሳቸዋለሁ! በር ሲደበድቡ ነው ያመሹት።”

“ግብ ጠባቂው ከማን ጋር ነበር የተኛው?”

“ብቻውን ነዋ! ቀዘቀዘኝ ብሎ ብርድ ልብስ ሊጠይቀኝ መጣ። ‘ከየት አባቴ ላምጣልህ? የዚያኛው አልጋ ባዶውን አይደል፤ የሱን ወስደህ ደርበው’ አልኩት። ጠዋት ስገባ ያኛው አንሶላ እኔ እንዳነጠፍኩት ነበር። ከማጠብ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።”

“ይሄን ስትነግሪን አስተዳዳሪው ቢሰማሽ አይቆጣሽም?”

“ስለ ምኑ? ስለ አንሶላ?” ብላ ሳቀች።

ትዕዛዙን ከሜዳው አስጠርተው ከግቡ ጀርባ አገኙት። ጓንቱን ሳያወልቅ ቆመ።

“ቅዳሜ ስንት ብርድ ልብስ ደርበህ ተኛህ?” አለችው እታለማሁ።

“ሁለት።”

“ኪዳኑስ በምን ተኛ?”

ልጁ ወደ ሜዳው ዞሮ ጓደኞቹን አየ፤ እነሱም እያዩት ነው።

“አሰልጣኙ ‘ቡድን ማለት አንድ አፍ ነው’ አለን” አለ በመጨረሻ። “ኪዳኑ የመጣው እሑድ ቁርስ ላይ ነው። ምን እንዳደረገ አላወቅንም፣ እውነቴን ነው። በኋላ ስንሰማ… ቃላችንን አንዴ ሰጥተናል ብለን ነው።”

“ከልጅቷ የሚበልጥ ቃል?”

ትዕዛዙ ጓንቶቹን አንድ በአንድ አወለቀ። “የኔን ይሰርዙልኝና እንደገና ይጻፉልኝ” አለ።

ኪዳኑ የዚያኑ ቀን ታሰረ። ጣቢያ ሲገባም አካሄዱ አልተለወጠም።

“እሺ፣ ዳንግላ አልነበርኩም። ግን በፈቃዷ ነው። እየሳቀች ነው የመጣችው።”

“ስትመጣ ሳቀች። ከገባች በኋላስ?”

ግድግዳውን አየ።

“አይሆንም አላለችህም?”

“ሴት ልጅ እኮ መጀመሪያ እንዲያ ትላለች።”

“ማን ነው ያለህ?”

ኪዳኑ ትከሻውን ነቀነቀ።

“ማን በመኪና ወሰደህ?”

“በእግሬ ሄድኩ።”

“ከእንጅባራ ተነስተህ ዳንግላ?” አለ ምስጋናው። “ታዲያ ኳሱን ተውና ማራቶን ግባ! ለአገር ትጠቅማለህ።”

ኪዳኑ ፈገግ አለ። “ለማንኛውም ቅዳሜ ትፈቱኛላችሁ።”

“ቅዳሜ ምን አለ?”

ኪዳኑ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ጣሪያውን አየ። ነገር ግን እታለማሁ ያቺን ‘ቅዳሜ’ ይዛ ወጣች። የታሰረ ሰው የሚፈታበትን ቀን እንዲህ አስረግጦ የሚያውቀው የነገረው ሰው ሲኖር ነው።

ጥርጣሬዋ በአሰልጣኙ ላይ ነበር። የዋሸው እሱ፣ አጥቂውን የሚፈልገው እሱ፣ ላብ ያጠመቀው እሱ። አሳምነው ግን ዳንግላ ማደሩን ሆቴሉም፣ ሌላውም ሰው መሰከረለት፤ የሚረብሹትን ልጆች ለማስተኛት በየበሩ ሲዞር ነው ያመሸው። ቀጭ ያለው ጓጉንቸር ላይ እጁ ሊኖር አይችልም።

“ኪዳኑን ማን አመጣው?” አለችው።

“አልጠየቅኩም።”

“አጥቂህ ቅዳሜ ጠፍቶ፣ እሑድ በሰው መኪና መጥቶ፣ አልጠየቅክም?”

“ከጠየቅኩ አውቃለሁ” አለ አሳምነው ፊሽካውን እያሻሸ። “ካወቅኩ ደግሞ እጠየቃለሁ። ልጆች አሉኝ።”

“ቅዳሜስ ምን አለ?”

“እርቅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ከልጅቷ አባት ጋር። ከዚያ በላይ አላውቅም፣ በማርያም!”

የማናለብሽ አባት አቶ ብሥራት የሚኖሩት ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ነው። በማሳቸው ዙሪያ ለከሰል የሚተከለው ግራር ተሰልፎ ቆሟል፤ በአፈር ከተዳፈነው ክምር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሰውዬው ፖሊሶቹን ሲያዩ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ጥቀርሻ አለ፤ ከጥቀርሻው ሥር ደግሞ እፍረት።

“ነገሩ አልቋል” አሉ። “ቅዳሜ እርቅ ነው። ልጄን በየጣቢያው አታዙሩብኝ።”

“የመጣነው ልንሰማዎት ነው፣ ጋሼ” አለች እታለማሁ። “ሽማግሌዎቹ ምን አሉዎት?”

“‘በልጅህ ላይ በደል ደርሷል፤ በዳይ አምኗል፤ ሊያገባት ነው፤ ልጅቱም ተስማምታለች፤ አንተ ብቻ ቀረህ’ አሉኝ። መሬቱ ከዳኝ። ግን ሽማግሌ ደጅህ ላይ ቆሞ እንቢ ይባላል? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ይባላል?”

“ማናለብሽን ጠየቋት?”

“ምን ብዬ? ተስማምታለች ተብዬ ምን ብዬ ልጠይቅ? ሽማግሌ ይዋሻል?”

“የመጡት መቼ ነው?”

“እሑድ። ከቅዳሴ ስንመለስ ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።”

እታለማሁ መጻፏን አቆመች። “የትኛው እሑድ?”

“ያለፈው ነዋ! ስንት እሑድ አለ?”

ምስጋናውና እሷ ተያዩ። ወደ መኪናው ተመለሱ። በሩን ሲዘጉ ምስጋናው ፈነዳ።

“እሑድ ጠዋት! ልጅቷ እኮ አፏን የከፈተችው ሰኞ ነው!”

“ዘበኛውም ለሚስቱ እንኳ አልነገረም።”

“ታዲያ ሽማግሌውን የላከ ሰው ከማን ሰማ?” ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። “ሳይጠሩት አቤት!”

“በዳይ ሳይከሰስ ታረቀ” አለች እታለማሁ። “የከተማ ሰው ቢሆን ጠበቃ ነበር የሚፈልገው፤ ጠበቃ ደግሞ ቆይ ይለዋል። ይሄኛው የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሰው ነው። አባትየው እሺ ካሉ ልጅቷ አፍ አይኖራትም ብሎ ቸኮለ። ጓጉንቸሩን የቆለፈው ወይ እሱ ነው፣ ወይ የቆለፈውን ያውቃል።”

ሽማግሌዎቹን የመሩት አያ ገብረ ማርያም ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ይኖራሉ። በዕድሜም በአንደበትም የተከበሩ ሰው ናቸው፤ በአማርኛም በአዊኛም ያላስታረቁት ጠብ የለም ይባላል። የድንች ማሳቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዳመጧት።

“ልጄ፣ የላከኝን ሰው ስም ለፖሊስ አልሰጥም” አሉ። “ሽማግሌ የሰማውን ማውጣት ከጀመረ ማን ይታረቃል? ሰው ሁሉ መሣሪያውን ነው የሚያነሳ።”

“ይሁን፣ ስሙን አልጠይቅዎትም። ልጅቷ ተስማምታለች ያለዎት ማን ነው?”

“ያው የላከኝ። ‘ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች’ ብሎኛል። በእግዜር ስም ነው ያለኝ።”

“በር ያንኳኳው መቼ ነው?”

“እሑድ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ።”

እታለማሁ ጎንበስ ብላ ከሽማግሌው ዓይን ጋር ተስተካከለች። “አያ ገብረ ማርያም፣ ያ ሰው እርስዎ በር ላይ ቆሞ ‘እሺ ብላለች’ ሲልዎት ልጅቷ ገና እንደተቆለፈባት ነበር። በጨለማ ቤት ውስጥ፣ አንድ እግሯ ባዶ። ማን ጠየቃት?”

ሽማግሌው በበትራቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። ከሐይቁ በኩል የመጣ ነፋስ ጋቢያቸውን ገለበጠው፤ መልሰው አልተከናነቡትም።

“እኔም አልጠየቅኋትም” አሉ በመጨረሻ። “ስንት ዘመን ሳስታርቅ አባት ነው የምጠይቀው።”

“ስሙን ይነግሩኛል?”

“አልነግርሽም። ቅዳሜ ነይ። ልጅቱም ከወደደች ትምጣ፤ ካልወደደች ማንም አያስገድዳት። በእኛ ሥርዓት በዳይ በሌለበት፣ ሽማግሌ የላከው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል። እኔ ካልነገርኩሽ ድንጋዩ ይነግርሻል።”

ማናለብሽ ነገሩን በጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰማች።

“ባትሄጂም ክሱ አይቆምም” አለቻት እታለማሁ። “ኪዳኑ ታስሯል። ሁለተኛውን ሰው ግን እስካሁን አልያዝነውም። ምርጫው ያንቺ ነው።”

“ተስማምታለች ብለው ተናግረዋል አይደል? በኔ ስም?”

“ብለዋል።”

“እንግዲያው ድምፄን ይስሙት። እሄዳለሁ።”

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከአዲስ ቅዳም በላይ ባለው የኮሶ ዛፍ ሥር፣ ሰዉ በግራና በቀኝ ተቀመጠ። በግራ አቶ ብሥራትና ዘመዶቻቸው። በቀኝ ከዩኒቨርሲቲው የመጡት፤ አሰልጣኝ አሳምነው፣ ሁለት መምህራን፣ ዶክተር ይሄይስ። ዲኑ ነጭ ጋቢ በኮታቸው ላይ ደርበዋል። እታለማሁን ሲያዩ ከተቀመጡበት በአክብሮት ብድግ አሉ። “ለሰላም ነው የመጣነው” አሏት።

ማናለብሽ ከአባቷ ጎን አልተቀመጠችም። ከእታለማሁ አጠገብ ቆመች። በመካከሉ፣ በደረቀው ሣር ላይ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል።

አያ ገብረ ማርያም ተነሥተው ጸሎት አደረሱ። ከዚያ “በዳይ የታለ?” አሉ።

“ታስሯል” አለ አንድ ሰው።

“እንግዲያስ ሽማግሌ የላከው ሰው ይነሣና ድንጋዩን ይሸከም።”

የተነሣ የለም። የእታለማሁ ዓይን አሰልጣኙ ላይ ነበር። አሳምነው እንደ ልማዱ ላቡን ይጠርጋል፤ ነገር ግን እሱም ግራና ቀኙን ያያል፤ ማን እንደሚነሣ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው።

“ሽማግሌ ልኮ የሚቀመጥ ሰው በአገራችን አላየሁም” አሉ ሽማግሌው። ጎንበስ ብለው፣ እያቃሰቱ፣ ድንጋዩን ራሳቸው አነሡት። ሰው ሊያግዛቸው ሲል በዓይናቸው ከለከሉት። ዝግ ብለው ተራመዱና ድንጋዩን ከአንድ ጥንድ ጥቁር፣ የተወለወለ ጫማ ፊት አስቀመጡት።

ዶክተር ይሄይስ ድንጋዩን አዩት።

“አባቴ፣ እኔ የመጣሁት ተቋሙን ወክዬ ነው…”

“ገና ሳይነጋ በሬን ስታንኳኳ ተቋም ነበርክ?” አሉ ሽማግሌው። አንቱታው ከአንደበታቸው ጠፍቷል። “‘ልጅቱን ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች’ አላልከኝም?” ወደ ማናለብሽ ዞሩ። “ልጄ፣ ይህ ሰው ጠይቆሻል?”

ሰው ሁሉ ዞረ። ማናለብሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

“ማንም አልጠየቀኝም።”

“የሆንሽውን ለሰው የነገርሽው መቼ ነው?”

“ሰኞ። እሑድ ጎህ ሳይቀድ እኔ ገና ተቆልፎብኝ ነበር።”

ከግራ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ። አቶ ብሥራት ቀስ ብለው ቆሙ።

“ከዘበኛው ሰማሁ” አሉ ዲኑ ፈጠን ብለው።

“ዘበኛው በሩን የከፈተው ከነጋ በኋላ ነው” አለች እታለማሁ። “እርስዎ ጎህ ሳይቀድ አያ ገብረ ማርያም በር ላይ ነበሩ።” ሻዩን፣ ወንበሩን፣ ‘ቤተሰቡ ወደ እርቅ ያዘነበለ ይመስላል’ ያሏትን ቃል አስታወሰች። ያን ጊዜ የደግ ሰው ወሬ መስሏት አልፋው ነበር። ላብ የጠረገውን ስትጠረጥር፣ ብርድ እንዳይነካት የተጨነቀላትን አልጠረጠረችም።

ከዚያ እንደ ልማዷ ዝም አለች። ሽማግሌውም ዝም አሉ። ሰዉ ሁሉ ዝም አለ፤ ኮሶው ላይ ወፍ ብቻ ይሰማል። ለስላሳው ሰው ዝምታውን አልቻሉትም።

“ለእሷ ብዬ ነው!” አሉ። “ልጁ ደውሎ ‘አበላሸሁ’ ሲለኝ ምን ላድርግ? በዚያ ሁኔታ ብትወጣ ሰው ሁሉ ሊያያት ነው! በሩን የዘጋሁት ለክብሯ ነው። እስኪነጋ፣ ነገሩ እስኪበርድ… ሽማግሌ ልኬ፣ ልጁን ዳንግላ አድርሼ፣ በሰላም እንዲያልቅ ነው የፈለግኩት። የአንድ ልጅ ስህተት የስንቱን ተማሪ ስም…”

የተናገሩት ነገር ለራሳቸው ጆሮ የደረሰው ያኔ ይመስላል። አቋረጡ። አንደኛው መምህር ከአጠገባቸው ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ።

“በሩን ስደበድብ ሰምተኸኛል” አለች ማናለብሽ። አልጮኸችም። “ያኔ ከበሩ ወዲያ ማዶ ነበርክ። ስለ ክብሬ እዚያው በሩን ከፍተህ አትጠይቀኝም ነበር?”

ዶክተር ይሄይስ ብድግ አሉ። ምስጋናው ክንዳቸውን ያዘ። ሲያልፉ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ ድንጋዩ ላይ ቀረ፤ ጎንበስ ብሎ ያነሣላቸው አልተገኘም።

አሰልጣኝ አሳምነው ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። “እኔም ቃሌን ልለውጥ እመጣለሁ” አለ ማንንም ሳያይ።

“ትመጣለህ” አለች እታለማሁ። “ስለ ሐሰት ምስክርነቱም እንነጋገራለን።”

አያ ገብረ ማርያም አሁንም በመካከሉ ቆመዋል። በትራቸውን ተደግፈው ወደ ማናለብሽ ዞሩ።

“አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ ልጄ። ከመጀመሪያው ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። ትታረቂያለሽ?”

“አልታረቅም።”

“ተሰማ?” አሉ ሽማግሌው ለተቀመጡት ሁሉ። “አልታረቅም ብላለች። እርቅ የለም። ተነሡ።”

መኪናው በከሰል ክምሮቹ መካከል አልፎ ከአስፋልቱ መገንጠያ ሲደርስ እታለማሁ አቆመችው። ወደ ግራ አዲስ ቅዳም ነው፣ የአባትየው ቤት። ወደ ቀኝ እንጅባራ ነው። አቶ ብሥራት ከኋላ ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተጨብጧል።

“ወዴት ላድርስሽ?” አለች እታለማሁ በመስተዋቱ ውስጥ እያየቻት።

“ወደ ቤት ነዋ፣ እናቷም…” ብለው ጀመሩ አባትየው። ከዚያ አፋቸውን ዘጉ። ወደ ልጃቸው ዞረው ጠበቁ።

ማናለብሽ አልቸኮለችም። በመስኮቱ ግራውን መንገድ አየች፤ ቀኙንም አየች። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፋቸው። መኪናው ውስጥ ያስቸኮላት አልነበረም።

“ወደ ግቢ” አለች። “ሰኞ ፈተና አለኝ።”